ማዳበሪያ ውስጥ ስለከረሙት ልብ ወለዶች፦ ለወረዳችን ባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን ባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሕዝብ ንባብ ቤቱ የተነሡ አስፈሪ ልብ ወለዶች እንዲመለሱና የቅዳሜው ንባብ ክበብ ክፍሉን መልሶ እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለው የጋራ መኖሪያ ሳይታችን፣ በሕዝብ ንባብ ቤቱ የቅዳሜውን የንባብ ክበብ የምናስተባብር ነዋሪዎች ነን። ክበቡ በአብዛኛው የሚያነበው አስፈሪ ልብ ወለድ ነው፤ ሙት የሚነሣበት፣ ባዶ ቤት የሚያቃስትበት፣ ጭራቅ ሰው መስሎ በር የሚያንኳኳበት። ልጆቹ «ሆረር» ይሉታል፤ እኛም ለምደነዋል።

ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 61 ልብ ወለዶች በሦስት ማዳበሪያ ተከተው ከንባብ ቤቱ ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ክፍል ወረዱ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ለታዳጊዎች ሥነ ምግባር የማይመቹ መጻሕፍት ተለይተው ተነሥተዋል» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ማን ለያቸው? በምን መስፈርት? እስከ መቼ? ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተን ከመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶናል፤ መልስ ግን አልተሰጠንም። ስለዚህ ቅሬታችንን በአደባባይ ለማቅረብ ተገደናል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን መጻሕፍቱ ሳይነበቡ መለየታቸው ነው። ዝርዝሩን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሽፋኑ ጥቁር የሆነ፣ የራስ ቅል ወይም የሌሊት ወፍ የተሳለበት ሁሉ ሄዷል። ስለ ሥራ መንፈስ የሚያወራ አንድ የአመራር መጽሐፍ ሳይቀር፣ ርዕሱ ላይ «መንፈስ» የሚል ቃል በመኖሩ ብቻ ከጭራቆቹ ጋር ታስሯል። (ይህን ስናይ መሳቃችንን አንደብቅም።) የማያስቀው ደግሞ ሌላው ነው። ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ ያለበት፣ ውስጡ ግን ልጅቷን አስክሮ መድፈርን እንደ ፍቅር ጀብዱ የሚተርክ ልብ ወለድ ዛሬም ከሕፃናት መደርደሪያ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። በሽፋን የሚለይ ሰው የሚይዘው የለበሰውን እንጂ ያጠፋውን አይደለም።

ከተነሡት ውስጥ ሁለቱን በስም እንጥቀስ፤ ክርክራችን በእነሱ በኩል ስለሚያልፍ ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው። ደራሲዋ መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ክበባችን ብትመጣ ከታዳጊዎቹ ጋር እናስቀምጣት ነበር። ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም፤ የሠራው ሰው ስም ነው። ፍጡሩ ስም እንኳ አልወጣለትም። ታሪኩ ሕይወት ሰጥቶ ኃላፊነት የሸሸ ሰው ታሪክ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ነው። ይህ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በማስታወሻ ደብተር፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራምና በጋዜጣ ቁራጭ የተሠራ ነው። የጥንቱን ቴሌግራም ማለታችን ነው፤ የዛሬው ቴሌግራም ጉዳይ ቀጥሎ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰነድ ቀን አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ እውነተኛ ይመስላል። ሽፋኑ ላይ ግን ልብ ወለድ መሆኑ ተጽፏል።

ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝልን ከሆነ ይህ እንዲያዝልን እንፈልጋለን። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ልጆቹ የሚያስፈራ ታሪክ አልተዉም፤ ወደ ስልክ ተሻገሩ። በቴሌግራምና በዩቲዩብ ሌሊት የሚያዳምጡት ትረካ «በአንድ ሰፈር የሆነ እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ይጀምራል። ሙዚቃ ከበስተኋላ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ልክ ሊያልቅ ሲል «ክፍል ሁለት ነገ» ይባላል። ደራሲ የለውም፣ የዕድሜ ምልክት የለውም፣ መጨረሻ የለውም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እውነት ነኝ ማለቱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ያነሣው «ይህ የፈጠራ ሥራ ነው» የሚለውን ነው። በቦታው የቀረው «ይህ በእርግጥ ሆኗል» የሚለው ነው። የትኛው ልጅ ማታ እንቅልፍ እንደሚያጣ እናቶችን መጠየቅ ይቻላል።

ክበቡ ይህን ልዩነት ለማስተማር ሲጠቀምበት የነበረውን ዘዴ በዝርዝር እናስቀምጥ፤ «ምን ይሠሩ ነበር?» ለሚል መልስ ይሆናል። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች ከ«ድራኩላ» 10 ገጽ ያህል በየተራ ጮክ ብለው ያነባሉ። ያም 20 ደቂቃ ግድም ይወስዳል። ከዚያ አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ በመስመር ይከፈላል፦ «ያየው»፣ «የሰማው»፣ «የገመተው»። ተራኪው ከጻፈው እያንዳንዱ ነገር በአንዱ ሥር ይገባል። ጥላ አየ፤ ያየው ነው። የመንደሩ ሰው ፈርቶ አማተበ፤ ማማተቡን አየ፣ ምክንያቱን ግን ገመተ። እዚህ ላይ ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ፤ ጭቅጭቁ ነው ትምህርቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመካከላቸው አንዱ ከስልኩ «እውነተኛ ታሪክ» ያመጣል፤ እሱም በዚያው ወረቀት ይሞላል። «ያየው» የሚለው ሥር ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ «የሰማው» ግን ከወረቀቱ ይተርፋል። ይህን አንዴ በእጁ የሠራ ልጅ «አጎቴ የነገረኝ ነው» ብሎ የሚጀምርን ወሬ ሲሰማ ብዕር ይፈልጋል።

በቃል የተነገረን ሌላው ምክንያት «ለባህላችን ባዕድ ነው» የሚል ነበር። ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። ሕዝብ ልጁንና ከብቱን የሚገብርለት ዘንዶው አርዌ የማን ታሪክ ነው? በተአምረ ማርያም የሚነበበው በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ። በማርያም ስም ለለመነው ጥማተኛ ያጠጣው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከኃጢአቱ ሁሉ ደፋ። ታሪኩ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ይነገራል፤ በስንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ ተሥሏል፤ ልጅ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ያየዋል። በብራና ክታብ ላይ የሚጻፈው የሱስንዮስ ጸሎት ጨቅላ ስለምትገድል ስለ ውርዝልያና በጦር ስለወጋት ቅዱስ ይናገራል፤ ክታቡም ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር። አያ ጅቦን ያልሰማ፣ «ጭራቅ መጣልህ» ተብሎ እራቱን ያልጨረሰ ልጅ በሳይታችን ካለ ይምጣና እንየው። የአማርኛ አንባቢ የሚያስፈራ ታሪክ ከፈረንጅ አልተማረም። የጎደለን ይህን ሀብት ለ14 ዓመት ልጅ በሚመጥን ዘመናዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ጸሐፊ ደግሞ ባዶ መደርደሪያ ሥር አይበቅልም።

የወላጆችን ስጋት ግን አንንቅም። መንፈስ ሲጠራ ይመጣል ብሎ የሚያምን ቤት አለ፤ ስለ ጂን ቀልድ የማይፈልግ ቤት አለ፤ በጸሎት ቤቱ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አታንብቡ የተባለ ልጅ አለ። ለዚህ መድኃኒቱ የወላጅ ካርድ ነው። ልጁ ሲመዘገብ ወላጁ «ይህን ዓይነት አይዋስ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጎ ይፈርማል፤ ንባብ ቤቷን የምትጠብቀው ሠራተኛ ካርዱን አይታ ትከለክላለች። ወላጅ ለልጁ ወሰነ፤ ለጎረቤቱ ልጅ አልወሰነም። ነገሩ ይኸው ነው።

እኛም ራሳችን ገደብ ይደረግበት የምንለው መጽሐፍ አለ። ጭራቁ ፈጽሞ የሌለ ፍጡር ሲሆን ልጁ ይፈራና ይረሳል። «ቡዳው» ግን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ወይም ቀጥቃጩ ሲሆን፣ ልጁ ፍርሃቱን ይዞ የሚወጣው ወደ ጎረቤቱ በር ነው። በዚህ ስም የተገለሉ፣ በልተው በጠጡበት ዕቃ የሚጸየፏቸው ሰዎች ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለአዋቂ ብቻ ይሁን፣ ውስጡም ማስታወሻ ይለጠፍበት እንላለን። እንዲሁም ባለታሪኩ ራሱን በማጥፋቱ አሸናፊ የሚሆንበት ታሪክ ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለብቻው አይሰጥም። ከ61ዱ ውስጥ እነዚህን ሁለት ችግሮች ያገኘንባቸው አራት ናቸው። የቀሩት 57ቱ ጥፋታቸው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ቅሬታችን ዕድሜ ሁሉ በአንድ ጆንያ መታሰሩ ነው። ማስታወቂያው «ለታዳጊዎች» ይላል፤ የተነሣው ግን የአዋቂውም ነው። የሌሊት ጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ከፈረቃ የሚመለሱ የፋብሪካ ሠራተኞች ከንባብ ቤቱ ተውሰው የሚወስዱት በብዛት ይህንኑ ዓይነት ነበር። የ40 ዓመት ሰው ሌሊት በጥበቃ ቤቱ ምን ያንብብ የሚለውን የሚወስንለት አያስፈልገውም።

ለታዳጊዎቹ የነበረን ድልድል ይህ ነው። ከ12 እስከ 14 ዓመት፦ የሚያስፈራው ነገር በታሪኩ መጨረሻ የሚዘጋበት፣ ደም የማይበዛበት። ከ15 እስከ 17፦ መጨረሻው ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ሞት አለ፤ ጭካኔው ግን ምክንያትና ውጤት አለው። 18 እና ከዚያ በላይ፦ የቀረው ሁሉ። የዕድሜውን ቁጥር ብቻ አንጽፍም። በኋላ ሽፋኑ ውስጥ የግማሽ እጅ መዳፍ የምታክል ወረቀት በእንጀራ ሊጥ ሳይሆን (ምስጥና በረሮ ስለሚወደው) በነጭ የእንጨት ኮላ እንለጥፋለን። የ«ፍራንከንስታይን» ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜ፦ 15 እና በላይ። የሚያስፈራው፦ ከሬሳ አካል የተሠራ ፍጡር። የሚከብደው፦ ሕፃን ይገደላል፤ ያለ ጥፋቷ የምትሰቀል ሴት አለች። ቀስ ይላል፦ መጀመሪያው በባሕር ላይ ያለ ሰው ለእኅቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ አትዝለሉት። የምትከራከሩበት፦ ጥፋተኛው ፍጡሩ ነው ወይስ የሠራው?»

እዚህ ላይ ማስታወሻው ጥሩ የሚሆነው አጭር ሲሆን ነው። መጀመሪያ ላይ ረጅም ይጻፍ ነበር፤ ልጆቹ ታሪኩን ከወረቀቱ አውቀው መጽሐፉን ተዉት። አምስት መስመር በቂ ነው፤ መጨረሻውን ግን በጭራሽ አይናገርም።

ሦስተኛው፣ የቅዳሜው ክፍል ነው። መጻሕፍቱ በተነሡበት ሳምንት ክፍሉ ለስብሰባ ይፈለጋል ተብሎ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ቅዳሜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። «ተሰብስበው ያስፈራራሉ» የሚል ወሬ እንዳለ ሰምተናል። የሚሆነው ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ፣ በቀን ብርሃን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነው። አስፈሪ ንባብ የሚበላሸው ጫፍ ላይ ሲቆም ነው፤ ጭራቁ በሩ ላይ እንዳለ ልጁ ወደ ቤቱ ከተላከ ማታ ጭራቁ አብሮት ይተኛል። ስለዚህ ንባቡ ሁልጊዜ በምዕራፍ መጨረሻ ይቆማል፤ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎችም ንባብ የለባቸውም። «ጭራቁ ምን ፈለገ? ማን ሊያስቆመው ይችል ነበር?» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ቆሎ ይበላል፣ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ሻማ አይበራም፤ ለጨዋታ ያምራል፣ ትንንሾቹ ግን ማታ የሚያስታውሱት ሻማውን ነው። መጋረጃው ይገለጥና በመስኮት ብርሃን ይቀጠላል፤ ከጨለመም ይቆማል። ይህ ሁሉ አዋቂ፣ ክፍልና ሰዓት ይፈልጋል። አሁን ሦስቱም በሌሉበት ደረጃ ሥር ተቀምጠው ስልክ ያዳምጣሉ።

«መሀል ከተማ ሂዱ፤ አብርሆት አለላችሁ፣ ወመዘክር አለላችሁ» የሚል ምክርም ተሰጥቶናል። ቤተ መጻሕፍቶቹ መልካም ናቸው። ከሳይታችን ግን በሁለት ታክሲ ነው የሚደረሰው፤ ሰልፉ ሳይቆጠር። የ13 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥታ ሄዳ፣ አንብባ፣ ሳይመሽ ትመለስ ማለት አትሂድ ማለት ነው። የሰፈር ንባብ ቤት የተከፈተው ለዚህ አልነበረም?

አራተኛውና አሁን የሚያስቸኩለው የመጻሕፍቱ ይዞታ ነው። ክረምቱን በሙሉ በፕላስቲክ ማዳበሪያ ታስረው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዕቃ ክፍሉ ደግሞ ዝናብ ሲበረታ ከግድግዳው ሥር ውኃ የሚያስገባ ነው። ፕላስቲክ እርጥበቱን አምቆ ይይዛል። አየሩ ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ወረቀት ይሻግታል፤ ከሻገተ ደግሞ ለአንባቢ ሳንባም ጥሩ አይደለም። ብዙዎቹ በክር ያልተሰፉ፣ በሙጫ ብቻ የተያያዙ ርካሽ ቅጂዎች ናቸው፤ ጀርባቸው ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ገጾቹ እንደ ካርታ ይበተናሉ። በመስኮት ፍርግርግ ያየነው አንዱ ማዳበሪያ ጎኑ ተቀድዶ፣ ከውስጡ የወጣ መጽሐፍ ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ገጾቹ እርጥበት ጠጥተው እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማደው ነበር። መጻሕፍቱን ለመመለስ ጊዜ ቢያስፈልግ እንኳ ዛሬውኑ ከማዳበሪያ ይውጡ፤ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ርቀው፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ። የረጠቡት በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ በየ20 ገጹ ነጭ ወረቀት ገብቶባቸው ይድረቁ፤ ወረቀቱም ሲረጥብ ይቀየር። ጋዜጣ አይግባ፣ ቀለሙ ይለቃል። ፀሐይ ላይ አይሰጡ፣ ሽፋኑ ይቆለመማል። የሻገተው ካለ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሚጠርገውም ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ከቤት ውጭም ያድርገው።

ስለ ግዥውም አጭር ቃል አለን። ባዶው መደርደሪያ የተሞላው በአንድ ዓይነት የፈተና መለማመጃና በአንድ የስኬት መጽሐፍ ስድስት ስድስት ቅጂ ነው። በስጦታ ከመጡት የእንግሊዝኛ ተከታታይ ልብ ወለዶች ውስጥም ሁለተኛውና አራተኛው አለ፤ አንደኛው የለም። ልጅ ተከታታይ መጽሐፍ ከመካከል ጀምሮ ካልገባው «ንባብ ይከብደኛል» ብሎ ይሄዳል፤ ጥፋቱ ግን የመደርደሪያው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

መጻሕፍቱ በዚህ ሳምንት ከዕቃ ክፍሉ ወጥተው ከላይ በጻፍነው መንገድ ይድረቁ፤ ጉልበቱን እኛ እንችላለን፣ የሚያስፈልገን ቁልፉ ብቻ ነው። 57ቱ ወደ መደርደሪያቸው ይመለሱ፤ አራቱ ወደ አዋቂ ክፍል ይዛወሩ፤ የአመራር መጽሐፉም ወደ ቦታው ይግባ። ከእንግዲህ በመጽሐፍ ላይ ቅሬታ ሲቀርብ ከንባብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ከመምህራን፣ ከወላጆችና ከአንባቢ ወጣቶች የተውጣጡ አምስት ሰዎች መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይወስኑ፤ ውሳኔው ከነምክንያቱ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ እስከዚያ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ይቆይ። የወላጅ ካርድ ይጀመር፤ ናሙናውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። የቅዳሜው ክፍል ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ለክበቡ ይመለስ። በሚቀጥለው ግዥ ቢያንስ የጎደሉት አንደኛ ቅጾች ይገዙ።

ያስገባናቸው ሁለት ማመልከቻዎች የመዝገብ ቁጥር በእጃችን አለ። መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ በቃል የሚሰጠንን መልስም ደብተራችን ላይ «የሰማነው» በሚለው ሥር እንይዘዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሳይቱ የቅዳሜ ንባብ ክበብ አስተባባሪዎች
የክበቡ የታዳጊዎች ተወካዮች
የንባብ ቤቱ የሌሊት ፈረቃ አንባቢዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለሳይቱ የነዋሪዎች ማኅበር
ለሕዝብ ንባብ ቤቱ ሠራተኞች